ኮረብታ ተሸካሚው፦ የባቱ ዋሻን ተረክ በደረጃው ማንበብ

«ባቱ» ስላችሁ ዝዋይ እንዳይመስላችሁ። የእግር ባትም አይደለም፤ ምንም እንኳ 272 ደረጃ ወጥቼ ስጨርስ ያመመኝ እሱ ቢሆንም። በማላይ ቋንቋ ባቱ ማለት ድንጋይ ነው። ከኩዋላ ላምፑር መሀል ወደ ሰሜን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ፣ ከሜዳው ላይ ድንገት ብድግ ያለ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ታገኛላችሁ። ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ከሚያልፈው የባቱ ወንዝ ነው። ኮረብታው ሆዱ ባዶ ነው፤ ውስጡ ዋሻ በዋሻ። ከዋሻዎቹ በትልቁ ውስጥ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ፤ የቤቱ ጌታም ሙሩጋን የሚባለው አምላክ ነው።

ከመሄዴ በፊት ስለዚህ ቦታ ያየሁት ቪዲዮና ያነበብኩት ጽሑፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። የወርቅ ቀለም የተቀባ ግዙፍ ሐውልት፣ ከጎኑ ቀስተ ደመና የመሰለ ደረጃ፣ የቱሪስት ሙዝ የምትነጥቅ ጦጣ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የጦርነት አምላክ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር። በቃ። እኔም ይህንኑ ይዤ ሄድኩ። ስመለስ ግን አንድ ቅሬታ ይዤ ተመለስኩ፤ ይህንን ቦታ እያነበብነው ያለነው በተሳሳተው ገጽ ላይ ነው። ሁላችንም ሐውልቱን እናነባለን፤ ደረጃውን ግን ረግጠነው ብቻ እናልፋለን።

ሐውልቱ የሚቆምበት ቦታ

ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ግቢውን የረገጠ ሰው መጀመሪያ ሌላ ነገር የማየት ዕድል የለውም። የሙሩጋን ሐውልት 42.7 ሜትር ነው፤ የአሥራ ምናምን ፎቅ ሕንፃ አስቡ። ከኮንክሪትና ከብረት ተሠርቶ በጃንዋሪ 2006 ተመረቀ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የፈሰሰበት የወርቅ ቀለም ብቻ 300 ሊትር ያህል ነው፤ የመጣውም ከታይላንድ ነው። አምላኩ ወጣት ነው። ፊቱ የተረጋጋ፣ እጁ ላይ ረጅም ጦር። ጦሩ «ቬል» ይባላል።

ሐውልቱ የሚተርከው ታሪክ እንዲህ ነው። ሱራፓድማን የተባለ የአሱራዎች ንጉሥ በብርቱ ተጋድሎ ከሺቫ ኃይልን ተቀበለና ሰማይ ምድሩን አስጨነቀ። አማልክቱ ሺቫ ዘንድ አቤት አሉ። ከሺቫ ሦስተኛ ዓይን ስድስት የእሳት ፍንጣሪዎች ወጡ። ፍንጣሪዎቹ ሳራቫና በተባለው ሐይቅ ላይ ስድስት ሕፃናት ሆኑ፤ ስድስት ሴቶችም አሳደጓቸው። እናታቸው ፓርቫቲ መጥታ ስድስቱንም በአንድ ጊዜ እቅፍ ስታደርጋቸው ስድስት ፊት ያለው አንድ ልጅ ሆኑ። ሙሩጋን ማለት ያ ልጅ ነው። ቬሉን የሰጠችውም እናቱ ናት። በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ጨረቃ ስትሞላ የሚከበረው ታይፑሳም የተባለው ትልቅ በዓል የሚያስታውሰው ይህንን፣ እናት ለልጇ ጦር ያቀበለችበትን ጊዜ ነው።

ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ሱራፓድማን የማንጎ ዛፍ ሆኖ ቆመ። ቬሉ ዛፉን ለሁለት ሰነጠቀው። በእኛ ዓይን ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስላል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አስቡት፤ ፈረሱ ከላይ፣ ደራጎኑ ከታች፣ ጦሩ ከመሀል። ደራጎኑ ሞተ፣ አለቀ። የታሚሉ ተረክ ግን አንድ እርምጃ ይቀጥላል። ከተሰነጠቀው ዛፍ ግማሹ ጣዎስ፣ ግማሹ አውራ ዶሮ ሆነ። ጣዎሱ የሙሩጋን መጓጓዣ፣ ዶሮው የባንዲራው ምልክት ሆኑ። ጠላቱን ገድሎ አልጣለውም፤ ተሳፍሮበት ሄደ።

እንደ ትረካ ካየነው የታሪኩ ጉልበት ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ግዙፉ ሐውልት ግን ጦሩ ላይ ይቆማል። ከመንገድ ማዶ የሚታይ፣ በስልክ ካሜራ አንዴ የሚገባ፣ «አሸናፊ» የሚል አንድ ቃል። ያስደንቃል፣ አልክድም። አንገቴን አቅንቼ ሳየው ለትንሽ ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ርዕስ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም።

ቃል ሲያጥር

እስካሁን «አሱራ» እያልኩ የመጣሁት አውቄ ነው። «ጋኔን» ብል ለእኔም ለእናንተም ይቀል ነበር። ችግሩ የእኛ ጋኔን የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያስታል፣ ይባረራል። የእነሱ አሱራ ይጾማል፣ ይጸልያል፣ የአዋቂ ደቀ መዝሙር ይሆናል፣ ይወድቃል፣ ይማራል። ወደ በኋላ እንደምነግራችሁ፣ አንዱማ ጭራሽ የቤተ መቅደስ በር ጠባቂ ሆኗል። በአማርኛ ጋኔኑን የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ አድርጋችሁ ጻፉ እስቲ!

«ጣዖት» የሚለው ቃልም እንደዚያው ነው። ዋሻው ውስጥ፣ በአበባ በተሸፈነው ምስል ፊት አንዲት ሴትዮ መዳፎቻቸውን አጋጥመው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው አየሁ። «ጣዖት ሲያመልኩ አየሁ» ብዬ ብጽፍ ስለ ሴትዮዋ የነገርኳችሁ ነገር የለም፤ የነገርኳችሁ ስለ ራሴ አስተዳደግ ነው። እምነታቸውን ተቀበሉ እያልኩ አይደለም፤ እኔም አልተቀበልኩም። ግን አንባቢ የሰው ድርሰት ሲያነብ ደራሲው በሚናገርበት ቃል ለመስማት ቢያንስ ይሞክራል አይደል? ለልብ ወለድ የምንሰጠውን ትዕግሥት ለሰው ጸሎት የምንነፍግበት ምክንያት አይገባኝም።

አኩርፎ የሄደው ልጅ

ሁለተኛው ተረክ ስለ አንዲት ማንጎ ነው። ጠቢቡ ናራዳ ለሺቫ አንድ ማንጎ ይዞ መጣ። ፍሬው ተቆርጦ የሚከፈል አይደለም፤ የሺቫ ልጆች ግን ሁለት ናቸው፣ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻና ሙሩጋን። ስለዚህ ውድድር ሆነ፤ ዓለምን ዞሮ ቀድሞ የመጣ ይበላታል ተባለ። ሙሩጋን ጣዎሱ ላይ ወጥቶ ተፈተለከ። ጋኔሻ ሆዱ ትልቅ፣ መጓጓዣው አይጥ። ምን አደረገ? ቀስ ብሎ ተነሥቶ እናትና አባቱን ዞራቸው። «ዓለሜ እናንተ ናችሁ» አለ። ማንጎዋን ወሰደ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከጋኔሻ ወገን ሆኖ ነው። ልጆች ወላጆቻቸውን እንዲያከብሩ፣ ብልህነት ከፍጥነት እንደሚበልጥ እንዲማሩ። ጥሩ ትምህርት ነው። ግን እስቲ ከሙሩጋን ወገን አንብቡት። ልጁ የተባለውን አደረገ። ዓለምን በእውነት ዞረ። ባሕሩን፣ ተራራውን፣ የሰዉን አገር ሁሉ አይቶ፣ ደክሞት፣ አቧራ ለብሶ ቤቱ ሲደርስ ፍሬው ተበልቷል። ቤት የቀረው ልጅ በአንዲት ጥሩ ንግግር አሸንፎታል። ሙሩጋን ተናደደ፤ ጌጡን አውልቆ፣ ቤቱን ጥሎ ወደ ደቡብ ወረደና ከአንድ ኮረብታ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ኮረብታው ዛሬ ፓላኒ ይባላል፤ በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ይገኛል። ወላጆቹ ሊያባብሉት «ፍሬው እኮ አንተው ነህ» አሉት ይባላል፤ በታሚል «ፓዛም ኒ»። የፓላኒ ስም ከዚህ መጣ ብለው የሚተርኩ አሉ።

ከቤት ርቆ የሠራ ሰው ይህንን ታሪክ ማብራሪያ ሳይፈልግ የሚረዳው ይመስለኛል። ዓለምን ዞሮ የመጣና ማንጎው የተበላበት ሰው በየሰፈራችን አለ። ከዐረብ አገር በስንት ዓመቷ ተመልሳ፣ የላከችው ገንዘብ የት እንደገባ የምትጠይቅ እኅት የሌለው ማን ነው? ስለዚህ ሙሩጋንን «የጦርነት አምላክ» ብሎ መዝጋት የታሪኩን ግማሽ መጣል ነው። ይህኛው ሙሩጋን የተሰደደ ልጅ ነው። እንግዲህ ከህንድ ባሕር ተሻግረው በሰው አገር ጎማ ለመልቀም የመጡ ሰዎች ከብዙ አማልክት መካከል የትኛውን ይዘው እንደመጡ ብናይ አይገርመንም።

ስንት ዓመቱ ነው?

ዋሻው ውስጥ ቆሜ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቅር መሰኘት ነው። ጣሪያው 100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከላይ በተቀደደው በኩል ብርሃን እንደ መጋረጃ ይወርዳል። እሱ ድንቅ ነው፤ ድንጋዩ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ሰው የሠራው ነገር ግን ሲሚንቶ ነው፣ ቀለም ነው፣ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ነው። ዕድሜውን ሳጣራ ደግሞ ይባስ፤ ቤተ መቅደሱ ከተመሠረተ 130 ምናምን ዓመቱ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ?» አልኩ በሆዴ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት የአገሬው ተወላጆች የሆኑት ቴሙዋኖች ዋሻዎቹን መጠለያ አድርገዋቸው ነበር። በ1860ዎቹ ቻይናውያን ሠፋሪዎች ለአትክልታቸው ማዳበሪያ የሚሆን የሌሊት ወፍ ኩስ ይቆፍሩበት ጀመር። በ1878 ዊልያም ሆርናዴይ የተባለው አሜሪካዊ የተፈጥሮ ተመራማሪና የቅኝ ገዥው ሹማምንት ስለ ዋሻዎቹ ጻፉና ስማቸው ወጣ። ከዚያ ታምቡሳሚ ፒላይ የተባለ ታሚል ባለሀብት መጣ። በኩዋላ ላምፑር የሽሪ ማሃማሪያማንን ቤተ መቅደስ ያቋቋመውም እሱ ነው። የዋሻውን አፍ ሲያየው የቬል ቅርጽ ሆኖ ታየው ይባላል። በ1890 ገደማ የሙሩጋንን ምስል አስገባበት፤ ከ1892 ጀምሮ ታይፑሳም እዚያ ይከበራል።

ለእኔ ታምቡሳሚ የዚህ ቦታ የመጀመሪያው አንባቢ ነው። ሌላው ማዳበሪያ ያየበት ድንጋይ ላይ ጦር አነበበ። ንባቡን ያጸደቁለት ግን ሌሎች ናቸው። እንግሊዞች ለጎማ እርሻና ለባቡር ሐዲድ ሥራ ከደቡብ ህንድ በገፍ ያመጧቸው ታሚሎች። አገራቸው ያለው ፓላኒ ሩቅ ነው፤ ባሕር አለ፣ የሥራ ውል አለ፣ ዕዳ አለ። ስለዚህ ፓላኒን እዚህ አደረጉት። የታምቡሳሚ ስም ተጽፎ ቀርቷል። ዳገቱን ወጥተው ቦታውን ቅዱስ ያደረጉት የአብዛኞቹ ስም የለም።

ቅር መሰኘቴን ያፈረሰው ግን የእነሱ ታሪክ ሳይሆን የእናቴ ነገር ነው። እናቴ ለእኔ ተስላ ነበር። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሄዳ፣ ድንጋይ ጀርባዋ ላይ አድርጋ ዳገቱን ወጣች። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጥቂት መጽሐፍ ቀምሻለሁ፤ «ድንጋይ ለገብርኤል ምን ያደርግለታል?» አልኳት። ዝም አለችኝ። እንግዲህ ቁልቢን ራስ መኮንን ያሠሩት ከዐድዋ ድል በኋላ ነው፤ ያም ማለት ከባቱ ዋሻው ቤተ መቅደስ ቢያንስ ጥቂት ዓመት ያንሳል። ለቁልቢ ዕድሜውን ጠይቄ አላውቅም። ዳገቱ በሰው ሞልቶ እያየሁ «አዲስ ነው» ብዬ አላውቅም። ለሰው አገር ግን ሰነድ ጠየቅኩ።

ተሸካሚው

ሦስተኛው ተረክ ደረጃው የሚተርከው ነው። አጋስትያ የተባለ ታላቅ ጠቢብ ኢዱምባን የሚባል አሱራ ደቀ መዝሙር ነበረው። ሁለት ኮረብታዎች ወደ ደቡብ አምጣልኝ ብሎ አዘዘው። ኢዱምባን እንጨት ትከሻው ላይ አጋደመ፤ በአንዱ ጫፍ አንዱን ኮረብታ፣ በሌላው ጫፍ ሌላውን አንጠልጥሎ ተጓዘ። ፓላኒ ሲደርስ ደከመውና አረፍ አለ። ሊነሣ ሲል አንደኛው ኮረብታ አልነቃነቅ አለው። ቀና ሲል አናቱ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። «ውረድ» አለው። «ኮረብታው የእኔ ነው» አለ ልጁ። ተጣሉ፤ ኢዱምባን ሞተ። ልጁ ያ አኩርፎ ከቤት የወጣው ሙሩጋን ነበር። የኢዱምባን ሚስት ለምና ባሏን ከሞት አስመለሰችው። ኢዱምባንም ሁለት ነገር ለመነ፤ በሙሩጋን በር ላይ ዘብ ልቁም፣ እንደ እኔም ትከሻው ላይ ሸክም አድርጎ ወደ ኮረብታህ የሚመጣ ሁሉ ይባረክ።

ሸክሙ «ካቫዲ» ይባላል። በታይፑሳም ሌሊት የሙሩጋን ምስል በብር ሠረገላ ላይ ሆኖ ከኩዋላ ላምፑሩ ቤተ መቅደስ ይወጣል፤ ምእመኑ እስከ ባቱ ዋሻ ድረስ ለሰዓታት በእግሩ ይከተለዋል። ብዙዎቹ ለሳምንታት ከሥጋ ርቀው፣ መሬት ላይ ተኝተው የተዘጋጁ ናቸው። በፎቶ የምናያቸው ምላሳቸውን በቀጭን ብረት የወጉ፣ ጀርባቸው ላይ መንጠቆ የሰኩ ሰዎች ናቸው። እነሱም አሉ። የፎቶ አንሺው ዓይን እነሱ ላይ መጣበቁ ግን ሌላውን ሰው ይሰርቅብናል፤ ራሱን ተላጭቶ፣ የወተት እንስራ አናቱ ላይ አድርጎ፣ በባዶ እግሩ ደረጃ የሚቆጥረውን። ወተቱ ላይ ሲደርስ ምስሉ ላይ ይፈስሳል። እንስራው ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ይኼው ነው ካቫዲው።

እንግዲህ ደረጃውን አሁን ተመልከቱት። በ1920 ከእንጨት ተሠራ፤ በ1940 በኮንክሪት ተተካ። በ2018 ደግሞ በደማቅ ቀለም ተቀባ፤ የቅርስ ባለሥልጣናት ፈቃድ አልተጠየቅንም ብለው ቅሬታ አነሡ፣ ወጣቱ ደግሞ ስልኩን ይዞ ጎረፈ። ቀለሙ ላይ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምለው የለኝም፣ ደስ ይላል። የደረጃው ቁም ነገር ቁልቁለቱ ላይ ነው። መሀሉ ላይ ስትደርሱ ትንፋሻችሁ ይቆራረጣል፤ ሐውልቱም ከዓይናችሁ ይጠፋል። ወርቁን ለማየት ታች መቆም አለባችሁ። ስትወጡ የምታዩት ከፊታችሁ ያለውን ሰው ተረከዝ ነው።

እኔ የሄድኩት በተራ ቀን ነው፣ በዓል የለም። ከፊቴ አንድ ወጣት የታሸገ ውኃ ካርቶን ደራርቦ ትከሻው ላይ አድርጎ እየወጣ ነበር፤ ላይ ላሉት ሱቆች ነው። አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል። በየተወሰነ ደረጃ ቆም ይላል፣ ካርቶኑን ወደ ሌላው ትከሻ ያዞራል፣ ይቀጥላል። ለማን እንደሚጸልይ አላውቅም፤ ምናልባት የሌላ እምነት ሰው ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ስልኩን ወደ ሐውልቱ አዙሮ በአጠገቡ ያልፋል። እኔም አልፌዋለሁ። ላይ ደርሼ ውኃ ስገዛ ነው ያስታወስኩት።

ይህን ስል ሸክምን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። በቅርብ ዓመታት አስተዳደሩ እስካሌተር ሊተክል ነው ሲባል ትልቅ ክርክር ተነሥቷል። «መውጣቱ ነው እኮ ዋናው» የሚሉ አሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ታች ቆመው እንዲቀሩ ግን ማን ፈረደ? ኢዱምባን ራሱ ሸክሙን መርጦ አልተሸከመም፤ ታዞ ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ግን ፈልጎ ይሸከማል። የታሪኩ ውበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የጌታውን ዕቃ ሲያመላልስ የሞተ አሱራ ሸክሙን ወደ ስለት ለወጠው። በሌላው ትእዛዝ ከአገራቸው ተነሥተው፣ የሌላውን ጎማ ሲሸከሙ የኖሩ ሰዎች፣ በዓመት አንድ ቀን የራሳቸውን ሸክም መርጠው፣ ለራሳቸው ምክንያት ዳገት ወጡ። በምንም ሐውልት ላይ ይህ አልተጻፈም። እስካሌተሩ ቢተከልም የሚፈልግ ሰው በደረጃው ይወጣል፤ እንዲያውም ያኔ ስለቱ ይበልጥ ስለት ይሆናል።

የባቱ ዋሻን «የጦርነት አምላክ ቤት» ብሎ መጻፍ ሐሰት አይደለም። ታች ቆሞ የተጻፈ ነው። ለመሄድ ዕድሉን ካገኛችሁ ከወርቁ ፊት ፎቶ ተነሡ፣ ማን ይከለክላችኋል። አጭር ልብስ ከለበሳችሁ በር ላይ ሽርጥ ያከራዩዋችኋል፤ ሙዛችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፣ ጦጣዎቹ አይምሩም። ከዚያ ስትወጡ ትንሽ ቀስ በሉና ከጎናችሁ የሚወጣው ሰው ምን እንደያዘ ተመልከቱ።

ከመለስኩ በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ወርቁ አልነገርኳትም። የወተቱን እንስራ ነገርኳትና «አንቺ ያኔ የተሸከምሽው ድንጋይ ከባድ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሲወጡት አይታወቅም» አለችኝ። «ደግሞ አንተ ነበርክ እኮ።»